ወደ ግራ ስለው ወደ ቀኝ የዞረው የዳዊት አውሮፕላን

እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይሄንን ከመጀመሪያው እወቁልኝ፣ ኋላ ላይ «እሷማ ድሮም ትንሽ ነክቷታል» እንዳትሉኝ። ሥራዬ የስፌት ማሽን ጥገና ነው፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ማሽን ፈትቼ ገጥሜአለሁ፣ ማሽን ደግሞ ሲቆም ምክንያት አለው፣ ወይ መርፌው ታጥፏል፣ ወይ ቀበቶው ላልቷል፣ ወይ አንዷ ዘይት መስጠት ረስታለች። ልጆቹ «ሂሩት፣ ይሄን ማሽን ዓይን በልቶታል» ሲሉኝ ዓይኑን በመፍቻ አውጥቼ አሳያቸዋለሁ። ሰይጣን ገብቶበት የቆመ ማሽን እስካሁን አልገጠመኝም።

የድሬን ቀትር ደግሞ ታውቁታላችሁ። ከስድስት ሰዓት በኋላ ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ የሚተኛው ይተኛል፣ የሚቅመው ፍራሹ ላይ ጋደም ብሎ ጫቱን ይቀነጥሳል፣ ውጭ የሚቀረው ፍየልና እብድ ብቻ ነው። ስናድግ በዚያ ሰዓት ወደ ደረቁ ወንዝ አሸዋ መውረድ አይፈቀድልንም ነበር፣ «በቀትር ሜዳው የነሱ ነው» ይሉናል፣ «እነሱ» እነማን እንደሆኑ ስም አይጠራም። በሌላው ነገር ሲከራከሩ የሚውሉት የሰፈራችን አሮጊቶች፣ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም፣ የኦሮሞውም የሶማሌውም፣ በዚህች በአንዷ ይስማማሉ። እኔ ግን ተው ያሉኝን ነገር ካላደረግኩ እንቅልፍ የማይወስደኝ ልጅ ነበርኩ፣ በቀትር ስንት ጊዜ ወርጃለሁ፣ ያገኘሁት ራስ ምታት ነው እንጂ ሌላ ምንም የለም።

ወደ ነገሬ ልግባ። ባሌ ዳዊት ሞተር ጠምጣሚ ነው፣ «ነው» ነው የምለው፣ «ነበር» አልልም፣ ቆይ ይገባችኋል። የተቃጠለ የውሃ ፓምፕ ወይም የወፍጮ ሞተር ሲያመጡለት የነደደውን ሽቦ አውጥቶ በአዲስ መዳብ ይጠመጥመዋል። ግራኝ ስለሆነ የሱ ሽቦ ሌላው ሰው ከሚጠመጥምበት በተቃራኒ ነው የሚዞረው፣ የሙያ ጓደኞቹ አንድ ሞተር ከፍተው ሲያዩ ገና ከአጠማጠሙ «ይሄ የግራኙ ሥራ ነው» ይላሉ፣ ፊርማ አያስፈልገውም።

አንድ ጊዜ ከጅቡቲ በመጣ ዕቃ መሃል በሪሞት የሚበር ትንሽ አውሮፕላን ተሰባብሮ አገኘ፣ ሞተሩና ሪሞቱ ብቻ ደህና ነበሩ። ገላውን ራሱ ሠራው፣ ከፍሪጅ ማሸጊያ ነጭ ፎም ቆርጦ፣ ክንፉ ውስጥ ሸምበቆ ከቶ፣ ከላይ በቀይ ፕላስተር ሸፍኖ፣ እመኑኝ ሲያልቅ ከሱቅ የተገዛ ነበር የሚመስለው። ሆዱ ውስጥ ሰርቮ የምትባል የክብሪት ቀፎ የምታህል ሞተር አለች፣ ትንሽ ክንድ አላት፣ ከክንዷ የሚነሳ ቀጭን ሽቦ እስከ ጅራቱ ይሄዳል፣ በሪሞቱ ስታዙት ክንዷ ሽቦውን ትስባለች፣ ጅራቱ ይታጠፋል፣ አውሮፕላኑ ይዞራል፣ በቃ ነገሩ ይኸው ነው።

ዳዊት ታዲያ ሽቦውን ሲያስር በክንዷ በወዲያኛው በኩል አሰረው፣ ስለዚህ ሪሞቱን ወደ ግራ ሲሉት አውሮፕላኑ ወደ ቀኝ ይዞራል። ስህተት ነው፣ በግራ እጁ ሲሠራ የተሳሳተው። ሆዴን ይዤ ሳቅሁበት፣ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው ልፍታልህ አልኩት፣ እምቢ አለ፣ እንደተሳሳተ ማብረር ተለማመደና በዚያው ቀረ። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን አስረዳኝ፣ አውሮፕላን ከናንተ ሲርቅ ግራው ግራችሁ ነው፣ ፊቱን አዙሮ ወደ እናንተ ሲመጣ ግን ግራው ቀኛችሁ ይሆናል፣ ጀማሪ ሁሉ ሲመልሰው የሚከሰክሰው ለዚህ ነው። በሱ አስተሳሰር ግን የሚያምታታው መሄዱ ነው፣ መመለሱ ላይ ግራው ግራ፣ ቀኙ ቀኝ ነው። «መሄዱን ማንም ያውቅበታል» አለኝ፣ «እኔ እንዲቀለኝ የምፈልገው መመለሱ ነው። ሲርቅ ወደ እኔ እየመጣ ነው ብዬ አስባለሁ፣ እጄ የቀረውን ያውቀዋል።»

ይሄን ያለ ሰው ከሄደ ሦስት ዓመት ሆነው። ታህሪብ ሄደ፣ በኛ በድሬ ታህሪብ ማለት በጅቡቲ በኩል ወጥቶ በጀልባ ባሕር ተሻግሮ ወደ ዓረብ አገር መሄድ ነው። ለኔ ሳይነግረኝ ነው የሄደው፣ ብነግራት አትለቀኝም ብሎ ነው፣ እውነቱን ነው፣ አልለቀውም ነበር። ከባሕሩ ዳር አንዴ ደወለ፣ ነገ ማታ እንሻገራለን አለ፣ ከዚያ ወዲያ ዝም። ከስድስት ወር በኋላ አንድ የመልካ ጀብዱ ሰፈር ሰውዬ ከዚያ ተመልሶ መጣ፣ ጀልባዋ ተገልብጣለች፣ ዳዊት ሲሳፈር አይቼዋለሁ፣ ሲወጣ ግን አላየሁትም አለ። ሲሰምጥስ አይተኸዋል ብዬ ጠየቅሁት። አላየሁም አለኝ። በቃ፣ ለኔ ይበቃኛል፣ ያላየ ሰው ባሌን አይገድልብኝም።

እናቱ እትዬ አስካለ ግን ሌላ አሰቡ። ሬሳ ባይኖርም ፎቶውን አውጥቼ ላልቅስለት፣ ፍትሐት ይደረግለት፣ ልጄ ያለ ለቅሶ ሜዳ ላይ አይቅርብኝ አሉ። ዕድሩ እሺ አለ፣ ቀን ተቆረጠ፣ እሁድ ሊለቀስ፣ እኔም ጥቁር ለብሼ ከፎቶው ሥር ልቀመጥ። እምቢ አልኩ። ጥቁር ከለበስኩ እኮ ሞቷል ብዬ ፈረምኩበት ማለት ነው፣ ሌላው የፈለገውን ይፈርም፣ የኔን እጅ ግን አያገኙትም። ሽማግሌ ተላከብኝ፣ የንስሐ አባቴም መጡ፣ አንዷ አክስቱ ደግሞ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብላ ተረተችብኝ፣ ወረቀቱም ሞኙም እኔው ነኝ፣ ይመቻችሁ ብዬ መለስኩላት።

አሁን አውሮፕላኑን ለምን እንደማበርር ልንገራችሁ፣ ሰፈርተኛው ባሏ ጠፍቶ እሷ በመጫወቻ ትዝናናለች እያለ ያማኛልና። የነዚህ አውሮፕላኖች ባትሪ ሳይሠራ ከተቀመጠ ያብጥና ይሞታል፣ ፎሙ አቧራ ይጠጣል፣ ሽቦው ይዝጋል። ዳዊት ሲመጣ የሞተ ዕቃ አላስረክበውም ብዬ ነው የጀመርኩት። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው የምንሠራው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፣ ስለዚህ የሚቀረኝ ቀትር ብቻ ነው። አብዲ የሚባል ደንበኛዬ በባጃጁ ይወስደኛል፣ በዋሂል መንገድ ትንሽ ወጣ ሲሉ አንድ የደረቀ ወንዝ ሰፊ አሸዋ አለ፣ እሱ ግራሩ ሥር ባጃጁን አቁሞ ስልኩ ላይ ዘፈን ከፍቶ ይቅማል፣ እኔ አበርራለሁ። አብዲ በቀትር መውጣቱን አይወደውም፣ «አቦ ሂሩት፣ ቢያንስ ቢስሚላሂ በይ» ይለኛል፣ እኔ እስቅበታለሁ።

መጀመሪያ ላይ በዳዊት አስተሳሰር ለማብረር ሞክሬ ሁለቴ ከሰከስኩት፣ በሁለተኛው አፍንጫው ተሰበረ። ተናደድኩና ሆዱን ከፍቼ ሽቦውን ወደ ትክክለኛው ጎን አዛወርኩት፣ በትንሽ ብሎን አሰርኩት፣ ሆዱን ዘግቼ በፕላስተር አሸግሁት። ዳዊት ሲመጣ ይጣላኛል፣ ይጣላኝ፣ መጥቶ ይጣላኝ። ከዚያ በኋላ ዓመት ከምናምን በደንብ በረረ። ሳላበርረው በፊት ሁልጊዜ የማደርገው ነገር አለ፣ ከክንፉ ሥር በሁለት ጣት አንስቼ ሚዛኑን አያለሁ፣ የፕሮፔለሩን ብሎን አጠብቃለሁ፣ ሪሞቱን ወደ ግራ ብዬ ጅራቱ ወደ ግራ መታጠፉን አያለሁ፣ ወደ ቀኝም እንዲሁ። ሪሞቱ ላይ አቅጣጫ የምታገለብጥ ትንሽ ማብሪያ እንዳለች አውቃለሁ፣ በስህተት እንዳትነካብኝ በፕላስተር ለጥፌባታለሁ። ይሄን ሁሉ የምዘረዝርላችሁ ኋላ ላይ «ይሄን አይተሽ ነበር ወይ» እንዳትሉኝ ነው፣ አይቻለሁ።

ለቅሶው እሁድ ሊሆን፣ ሐሙስ ዕለት ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ ተብሎ ከሥራ ቀርቼ ቤት ነበርኩ። ሄዱልኝና በቀትር አረፍ እንዳልኩ ከግድግዳው በኩል ድምፅ ሰማሁ፣ ዝዝዝ፣ ቀጥሎ ቅጭ። ሰርቮዋ ስትንቀሳቀስ የምታሰማው ድምፅ ነው፣ በእንቅልፌም ብሰማው አውቀዋለሁ። ተነስቼ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አውሮፕላን አየሁት፣ ባትሪው እንኳን ውስጡ የለም፣ እሳት እንዳያነሳ ብዬ ወጥ ቤት ቆርቆሮ ውስጥ ነው የማስቀምጠው። እንሽላሊት ነው አልኩ። ግን ጅራቱ ወደ አንድ ጎን ታጥፎ ነበር፣ በእጄ አቃናሁትና ተኛሁ፣ ስነሳ ያው ጎን ታጥፎ አገኘሁት። ሽቦው ላልቷል ማለት ነው አልኩ፣ እኔ ምን ልበል፣ ሥራዬ ነው፣ የላላ ነገር ሳይ አላለቅስም፣ አጠብቃለሁ።

ቅዳሜ ከሥራ ወጥቼ እንደ ልማዴ ሄድን። አብዲ ነገ ለቅሶ እያለ ዛሬ ታበርሪያለሽ ወይ አለኝ፣ ለቅሶ የማንም ይሁን የኔ አይደለም አልኩት። አሸዋው ላይ ስደርስ ሁሉን እንደ ነገርኳችሁ አየሁ፣ ሚዛኑን፣ ብሎኑን፣ ጅራቱን፣ ግራ ስለው ግራ፣ ቀኝ ስለው ቀኝ፣ አብዲም አጠገቤ ቆሞ አይቷል። ወረወርኩት፣ ደስ ብሎት ወጣ፣ አንድ ዙር ዞረ፣ ሁለተኛውን ጀመረ፣ ሰማዩ ላይ ጉም የለ፣ ነፋስ የለ፣ ምንም የለ።

በሁለተኛው ዙር ላይ ነው ነገሩ የጀመረው። መጀመሪያ የአብዲ ዘፈን ቆመ፣ ስልኩ ጠፋ መሰለኝ፣ ቀጥሎ ግራሩ ላይ ሲንጫጩ የነበሩት ወፎች ዝም አሉ፣ እዚህ ድረስ ግድ አልሰጠኝም። ከዚያ የሞተሩ ድምፅ ቦታ ለወጠ፣ አውሮፕላኑ ከፊቴ ነው፣ ድምፁ ግን ከጀርባዬ፣ ከአሸዋው ትንሽ ከፍ ብሎ የሚመጣ ይመስላል፣ ዞር ብዬ አየሁ፣ ማንም የለም። እንመልሰው ብዬ ሪሞቱን ወደ ግራ አልኩት፣ ወደ ቀኝ ዞረ። አሁንም ወደ ግራ፣ አሁንም ወደ ቀኝ። በመዞሩም አልቆመም፣ ወደ ጅቡቲ በኩል አፍንጫውን አቅንቶ ይሄድ ጀመር።

የሞተሩን ኃይል ቆረጥኩ፣ ይውረድልኝ፣ አሸዋ ላይ ቢወድቅ ፎም ነው እጠግነዋለሁ ብዬ። አልወረደም። እንደዚያው ከፍታውን ይዞ ይሄዳል፣ ያለ ሞተር፣ ያለ ነፋስ። ያኔ ዓይኔን ወደ መሬት ጣልኩ፣ ጥላው አሸዋው ላይ እየሄደ ነበር፣ እናንተው ፍረዱ፣ በቀትር ፀሐይ አናት ላይ ናት፣ ጥላ ከሥር ነው የሚሆነው፣ ይሄኛው ግን ከሥሩ ርቆ ብቻውን ነበር። ሪሞቱን ወደ ግራ ስል ጥላው ወደ ግራ ዞረ፣ አውሮፕላኑ ወደ ቀኝ። ጥላው ለኔ ይታዘዛል፣ አውሮፕላኑ ለሌላ ሰው። ብቻዬን ያየሁት ቢሆን ፀሐይ ናት ብዬ በተውኩት፣ ግን አብዲ ከግራሩ ሥር ወጥቶ አጠገቤ ደርሷል፣ ሰማዩንም አሸዋውንም አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሂሩት፣ ይሄ ጥላ የማን ነው?» አለኝ።

ፈራሁ፣ አልዋሻችሁም። ግን እኔ ስፈራ እናደዳለሁ፣ ተፈጥሮዬ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሁሉም ይወስድብኛል፣ ባሕሩ ወሰደ፣ ዕድሩ ሊወስድ ነው፣ አሁን ደግሞ ይሄ ማን እንደሆነ የማላውቀው በጠራራ ፀሐይ ሊወስድብኝ ነው። ጮክ ብዬ ተናገርኩ፣ «አንተ ከሆንክ ና። ካልሆንክ ልቀቀው፣ የኔ ነው።» አብዲ ቢስሚላሂ ይላል፣ እኔ ሪሞቱን ይዤ እሳደባለሁ፣ ቢያየን ሰው ምን ይለን ነበር።

ከዚያ ዳዊት ያስረዳኝን አሰብኩ፣ ሲርቅ ወደ እኔ እየመጣ ነው ብዬ አስባለሁ ያለውን። ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ ዓይናችሁ እያየው የሚሄድን ነገር እየመጣ ነው ማለት እጅን ያሰክራል። ሁለቴ ከስክሼበታለሁ እኮ። ጥርሴን ነክሼ፣ እየመጣ ነው፣ እየመጣ ነው እያልኩ፣ ጣቴን በተቃራኒ ገፋሁት። ያን ጊዜ አውሮፕላኑ ርቆ ቀይ ፍሬ አክሎ ነበር፣ ሪሞቱን ከዚያ ርቀት መስማት አልነበረበትም። ዞረ። አፍንጫውን ወደ እኔ አደረገ። ከዚያ በኋላ ግራው ግራ፣ ቀኙ ቀኝ ሆነ፣ ዳዊት እንዳለው ምንም አላስቸገረኝም፣ ቀጥ ብሎ መጣ፣ ጥላውም ከወዲያ መጥቶ ከሥሩ ገባና አንድ ሆኑ፣ እግሬ ሥር አረፈ። እኔ እንደዚያ አድርጌ አሳርፌው አላውቅም፣ የኔ ማሳረፍ ሁልጊዜ መጣል ነው።

ሳልነካው ሪሞቱን ወደ ግራ አልኩት፣ መሬት ላይ እንዳለ ጅራቱ ወደ ቀኝ ታጠፈ። የሪሞቱ ማብሪያ ላይ የለጠፍኩት ፕላስተር እንዳለ ነው፣ አልተነካም። የሆዱ ማሸጊያም የኔው ነው፣ ጠርዙ ላይ ባለፈው የተጣበቀው አሸዋ እንኳን አልረገፈም፣ በጥፍሬ ልጬ ነው የከፈትኩት። ብሎኔ የለም። ሽቦው በክንዷ በወዲያኛው ጎን ነው፣ ጫፉ በቀጭን የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል፣ ዙሮቹ እርስ በርስ ተጠጋግተው፣ ክፍተት የሌላቸው፣ አዲስ መዳብ፣ ያብለጨልጫል። የዞረበትን አየሁት። የግራኝ አጠማጠም ነው።

እኔ አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ፣ አሸዋው እንደሚያቃጥል እንኳን አልተሰማኝም። ሰው ገብቶ ነው እንዳትሉኝ፣ የቤቴ ቁልፍ አንገቴ ላይ ነው፣ ደግሞስ ከማብረሬ ከአምስት ደቂቃ በፊት ግራ ስለው ግራ እንደነበር ሁለታችንም አይተናል። ሰማይ ላይ እያለ ማን ከፈተው? አብዲ እስከ ከተማ ድረስ በፍጥነት ነዳ። እስከ ዛሬ የትም ይወስደኛል፣ በቀትር ወደዚያ መንገድ ግን ሞቼ ነው ይለኛል፣ ስለ ጥላው ሳነሳበትም ወሬ ይቀይራል።

እኔ ታዲያ ምን ተሰማኝ መሰላችሁ? ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ። በቀጥታ አውሮፕላኑን ታቅፌ እትዬ አስካለ ቤት ሄድኩ። ግቢው ውስጥ የድንኳን ብረት ሊተክሉ ጉድጓድ ይቆፍራሉ፣ ሴቶቹ ሽንኩርት ይልጣሉ፣ እኔ በዚያ መሃል ቀይ አውሮፕላን ይዤ ስገባ አበደች ብለው ተያዩ። እትዬን እጃቸውን ይዤ ጓዳ አስገባኋቸው፣ በሩን ዘጋሁ፣ የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። ዓይናቸው ደክሟል፣ ስለዚህ ጣታቸውን ይዤ ሽቦው ላይ አኖርኩት። ዳሰሱት። ብዙ ጊዜ ዳሰሱት፣ በጥፍራቸው ዙሩን ተከትለው ሄዱ፣ እሳቸው ናቸው እኮ ልጅ እያለ በግራህ አትብላ እያሉ እጁን እየመቱ ያሳደጉት፣ ያን እጅ ከኔ በላይ ያውቁታል።

«የልጄ እጅ ነው» አሉ።

እኔ አለቀ አልኩ፣ ድንኳኑ ይነቀል፣ ሰው ይመለስ፣ ተነስቼ በሩን ልከፍት ስል ቀሚሴን ያዙኝ። ቁጭ በይ አሉኝ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም፣ እንባም የላቸው።

«በሕይወት ካለ ለምን አይደውልም?»

ስልኩ ጠፍቶበት ይሆናል አልኩ። ታስሮ ይሆናል አልኩ፣ ቁጥሩን ረስቶት ይሆናል፣ ሰው አላስደውል ብሎት ይሆናል፣ ያለኝን ሁሉ ደረደርኩ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ለራሴ ያልኩትን ነው። እሳቸው በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው እንዲህ አሉኝ፤

«ሂሩቴ፣ እኔ ላልቅስ ያልኩት ሞቷል ብዬ አምኜ መስሎሻል? ረስቶን ነው ከምል፣ ሞቶ ነው ብል ይሻለኛል።»

እመኑኝ፣ ሜዳ ላይ ካየሁት ሁሉ ይሄ ባሰብኝ። ሦስት ዓመት የሴትዮዋን ልብ ድንጋይ ነው እያልኩ ስቆጣ ኖሬ፣ ለካ እሳቸው እኔ ያላየሁትን አይተው ነው የሸሹት። ተቃቅፈን ተቀመጥን፣ ብዙ። ከዚያ ለቅሶው ይቀር ይሆን ብዬ ጠየቅኳቸው፣ አይቀርም አሉኝ፣ አንቺን ግን ጥቁር ልበሺ ብዬ አላስገድድሽም አሉኝ።

እሁድ ተለቀሰ። እኔ ቢጫ ቀሚሴን ለበስኩ፣ ዳዊት የገዛልኝን፣ ድንኳኑ ውስጥ ለእንግዳ ውሃ ሳዞር ዋልኩ፣ አንዲት ጠብታ እንባ አልወጣኝም። አንዷ ከኋላዬ «ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም» አለች፣ ሰምቻታለሁ፣ ውሃዋን ጨምሬ ሰጠኋት። እትዬ አስካለ ግን ፎቶውን ታቅፈው አለቀሱ፣ ደረታቸውን መቱ፣ እኔ ግን ዓይኔን ከሳቸው አልነቀልኩም፣ የማንም ሰው ስልክ በጮኸ ቁጥር ለቅሷቸውን አቋርጠው ቀና ይሉ ነበር።

ሽቦውን አልፈታሁትም። ቅዳሜ ቅዳሜ እንደዚያው እንዳለ አበርራለሁ፣ አሁን ለምጄዋለሁ፣ በእግሬ ነው የምሄደው። ሰዎች ተይ ይሉኛል፣ አልተውም፣ ሜዳው የነሱ ከሆነ የኔም ነው። ዳዊት ሞቷል ማለትን እምቢ ብያለሁ፣ ረስቶኛል ማለትንም እምቢ ብያለሁ፣ በሁለቱም ማንም አያሸንፈኝም። ግን ካልሞተ፣ ካልረሳኝም፣ ሽቦ ለመጠምጠም የሚደርስ፣ ስልክ ለማንሳት ግን የማይደርስ እጁ የት ነው ያለው? ይሄን ሳስብ ነው በቀትር ጋደም ብዬ እንቅልፍ እምቢ የሚለኝ።